ጥር ላይ ኮምቦልቻ፦ የተፈጥሮ ግብርና ገበሬዎችና የጓሮ አትክልተኞች መገናኛ፤ የዘር ልውውጡና የተግባር ማሳያው እንዴት ይደራጅ?

ቆስጣ በጓሮ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለ ኬሚካል የሚያርሱ ገበሬዎችን ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ፣ ከደሴ ዙሪያና ከባቲ በኩል ጠርተን ከኮምቦልቻና ከደሴ የጓሮ አትክልተኞች ጋር የምናገናኝበት የሁለት ቀን ዝግጅት ታስቧል። 120 ሰው ያህል ይጠበቃል። ግቢው ግማሽ ሄክታር ነው፤ የቧንቧ ውኃና ጥላ የሚሰጡ ዛፎች አሉት። አዳራሹ ግን ከ60 ሰው በላይ አይዝም። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቀናት ይሁን ተብሏል እንጂ ቀኑ ገና አልተቆረጠም።

የታሰበው የዘር ልውውጥ፣ የኮምፖስትና የትል ማሳያ፣ ከዕፅዋት የሚቀመም የተባይ መከላከያ፣ እንዲሁም "ኦርጋኒክ" ብሎ ለመሸጥ ምን ያስፈልጋል የሚል ውይይት ነው። አሁን ገና የጥቅምት መጀመሪያ ስለሆነ ጊዜ ያለን ይመስለኛል። ከምን እንጀምር? በተለይ ዘሩን በተመለከተ፣ ሰው ያመጣውን ጠረጴዛ ላይ መደርደር ይበቃል ወይስ ሌላ ሥርዓት አለው?

ዛላ

ጊዜ ያለሽ እንዳይመስልሽ እህቴ። የዘር ልውውጡ ሥራ አሁን ማሳ ላይ ነው ያለው። ማሽላው ታጭዶ ውድማ ላይ ከተወቃ በኋላ "ዘር አምጡ" ቢባል ከጎታ የተዘገነ እህል ነው የሚመጣልሽ።

ቃሉና ባቲ ቆላው አቀንጭራ፣ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠው ጥገኛ አረም፣ ያለበት አገር ነው። የአቀንጭራ ዘር ብናኝ ያህል ስለሆነ ከእህል ጋር ሲቀላቀል በዓይን አይለይም። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ታጭዶ መሬት ላይ ተጎትቶ፣ የጋራ ውድማ ላይ የተወቃ ማሽላ ይዞት ይመጣል። ንጹሕ ማሳ ላለው ቀበሌ ያንን መስጠት አቀንጭራን በእፍኝ ማደል ነው። ስለዚህ ዘር ከሚያመጡት ጋር ከአሁኑ ተስማሙ።

ዛላው ይመረጥ የሚባለው ተክሉ ቆሞ ሳለ ነው፤ ያውም ከማሳው መሐል፣ ከዳር ሳይሆን። ሐምራዊ አበባ ያለው አቀንጭራ የታየበት ማሳ፣ አንድም ግንድ ቢሆን፣ ለልውውጥ አይመረጥበትም። ከአንድ ዝርያ ቢያንስ ከ50 ተክል አንድ አንድ ዛላ ይወሰድ፤ ትልልቁን ብቻ ከአምስትና ከስድስት ግንድ መልቀም ዝርያውን ያጠበዋል። ከአንገቱ ተቆርጦ በቀጥታ ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ መሬት አይንካ። ከዚያም ለብቻው፣ በታጠበ ሸራ ላይ ይወቃ። ፍሬው በጥቁር ዱቄት የተተካ ዛላ ከተገኘ ከመወቃቱ በፊት ይውጣ። አብሮ ከተወቃ ዱቄቱ ጤነኛውን ፍሬ ሁሉ ይለብሰዋል፤ በሽታውም በሚመጣው ዓመት የሚበቅለው ከዚያ ነው።

"ወተት በጉንጬ"ን የሚያመጣ ካለ ዛላውን እንዳለ ያምጣው። ፍሬው ጎድጎድ ያለና ቀላል ስለሆነ ሲያነፍሱት ከእብቅ ጋር ይሄዳል። ይህ ማሽላ በ1973 እ.ኤ.አ. ከወሎ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ማሽላ እጅግ በልጦ በመገኘቱ በዓለም የታወቀ ነው። የሚወደደው ግን በእሸቱ ነው፤ ከደረቀ ነቀዝ ይቀድማል። ዛሬ ለብቻው ዘርቶ የሚያሳድገው ጥቂት ሰው ስለሆነ ልውውጡ ላይ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ክምር

ኮምፖስቱም እንደዚያው ነው። በዕለቱ አንድ ክምር ሠርቶ ማጨብጨብ ማንንም አያስተምርም፤ ሰው ማየት ያለበት ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው። አራት ክምር በተለያየ ዕድሜ አዘጋጁ። የመጀመሪያው በጥቅምት መጨረሻ ይሠራ፤ ጥር ላይ የበሰለ ይሆናል። ሁለተኛው በኅዳር መጨረሻ፤ ገና ግማሽ ያህል የበሰበሰ፣ ገለባው የሚታይ ይሆናል። ሦስተኛው ከዝግጅቱ 10 ቀን ቀድሞ፤ ትኩስ፣ ሲገለጥ የሚጨስ። አራተኛውን ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ይሥሩት።

ልኩ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 1.2 ሜትር ይሁን። ከ1 ሜትር ኩብ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ከታች የማሽላ አገዳ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነጠፍ፣ አየር ማስገቢያ ነው። ከዚያ ደረቅ ገለባ ወይም ሣር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በላዩ እርጥብ ቅጠል ከ10 እስከ 15፣ በላዩ በውኃ የተበጠበጠ እበት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚያም አፈር ስስ አድርጎ። አመድ በየድርቡ አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል። "አመድ ጥሩ ነው" እየተባለ በአካፋ ሲደፋ ይታያል፤ ያኔ የእበቱ ናይትሮጅን ሽታ ሆኖ ይተናል፣ ዓይን የሚያቃጥለው ያ ነው። አገዳው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ተቆራርጦ ካልገባ ለሚመጣው ዓመትም እንዳለ ታገኙታላችሁ።

መሐሉ ላይ 2 ሜትር ያህል በትር ተክላችሁ ዙሪያውን ከምሩ። በሦስተኛው ቀን በትሩ ይነቀል፦ ትኩስና እርጥብ ከሆነ ደህና ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃ አንሶታል፤ ቀዝቃዛ፣ እርጥብና የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፣ መገልበጥ አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደረቅ ስለሆነ በብዛት የሚገጥማችሁ ሁለተኛው፣ ውኃ ያነሰው ነው። ገለባ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ከላይ ብቻ ቢያፈሱበት በዳር ይወርዳል። ቀድሞ አንድ ሌሊት ይነከር፣ በየድርቡም ይጠጣ። ለእንዲህ ያለ ክምር 200 ሊትር ላይበቃ ይችላል። ከመሐል ዘግናችሁ ስትጨምቁት በጣት መሐል ጠብታ ብቻ ቢወጣ ልኩ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይገልበጥ፣ ውጪው ወደ ውስጥ እየገባ።

ሙቀት ለማሳየት ቴርሞ ሜትር ከሌለ ፌሮ ብረት 10 ደቂቃ ሰክቶ ማውጣት ነው። በእጅ ይዞ መቆየት ካልተቻለ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ አለ፤ ብዙው የአረም ዘር የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

ገበሬ ሁሉ ማወቅ ያለበት ሌላው ነገር የገለባው ምንጭ ነው። ከተረጨ ማሳ የመጣ የስንዴ ገለባ ላይ የአረም መድኃኒት ቅሪት ሊኖር ይችላል። ቱፎርዲ ክምር ውስጥ በጊዜ ይፈርሳል፤ እነ ክሎፒራሊድና አሚኖፒራሊድ ግን ክምሩንም የከብት ሆድንም ያልፋሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የበሰለውን ኮምፖስት ከአፈር ጋር እኩል ቀላቅሎ በሦስት ጣሳ መሙላት፣ ሌላ ሦስት ጣሳ ንጹሕ አፈር ብቻ፣ በሁሉም ቦሎቄ መዝራት። በሦስት ሳምንት የኮምፖስቱ ቦሎቄ ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ግንዱ ከተጣመመ ለአትክልት አይሆንም። ጣሳዎቹን ጎን ለጎን ማሳያው ላይ አስቀምጡ።

ቆስጣ በጓሮ

በጣም አመሰግናለሁ። የኮምፖስቱ ቦታ ዛሬውኑ ይለካል። አንድ ጥያቄ፦ በጉድጓድ ነው የሚሻለው የሚሉ አሉ።

ክምር

ለቤት ሥራ በበጋ ጉድጓድ ይሻላል፣ እርጥበት ይይዛል። ለማሳያ ግን 20 ሰው ዙሪያውን ቆሞ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያያል? ልዩነቱን ተናገሩና በክምር አሳዩ። ክረምት ላይ ጉድጓድ ውኃ ሞልቶ እንደሚገማም ይነገር።

የቀበሌ ሰው

እንደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛ የምለው ስለ ሰውና ስለ ቀን ነው። ሰኞን እርሱት፤ የባቲ ገበያ ነው፣ ከዚያ በኩል ማንም አይመጣም። ዓርብ ጁምዓ አለ። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድም አይሆኑም። ጥር 21 ማርያም ነው። ከሚቀሩት ረቡዕና ሐሙስ ይሻላሉ። ረቡዕ ጾም መሆኑ ደግሞ ይጠቅማችኋል፤ በሁለቱም ቀን የጾም ምግብ ብቻ ከቀረበ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ ሳይባል ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ረቡዕ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ስላለ ለእሱ ይቀመጥለት።

አዳራሹን ተዉት፣ ለዝናብ ብቻ ይሁን። 120 ሰው በስድስት ቡድን 20፣ 20 ሆኖ፣ ስድስት ማሳያ ቦታ፣ በአንዱ 45 ደቂቃ። ከቦታ ቦታ መሸጋገሪያ 10 ደቂቃ ቁጠሩ። በአንድ ቀን ስድስቱን ለመጨረስ አትሞክሩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በሁለተኛው ጠዋት ሦስት፣ ከዚያ የዘር ልውውጡ። ዘሩ በመጀመሪያው ቀን ከተከፈተ ግማሹ ሰው ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የመክፈቻ ንግግር ያስፈራኛል። የክብር እንግዳ አርፍዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይገፋል። ደብዳቤው ላይ "የማሳያ ጉብኝት በ3 ሰዓት ይጀመራል፣ ንግግር ከምሳ በኋላ" ብላችሁ ጻፉ። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለከተማው አስተዳደር የማሳወቂያ ደብዳቤ ቢያንስ ከወር በፊት ይግባ፤ የተቀበለው ሰው ፈርሞበት ቅጂው እጃችሁ ይቅር።

የጥሪ ወረቀቱ "ለአባወራ" ተብሎ ከሄደ የሚመጣው ወንድ ብቻ ነው። የጓሮውን ዘር፣ ጎመኑን፣ ዱባውን፣ ድንብላሉን በብዙ ቤት የምታውቀውና የምታስቀምጠው እማወራዋ ናት። ጥሪው በስሟ ይጻፍ።

አበል እንዳትከፍሉ። አንዴ ከተከፈለ በሚቀጥለው ዓመት ሰው የሚመጣው ለአበሉ ነው።

ዛላ

በአበሉ እስማማለሁ፣ ግን ትራንስፖርት ሌላ ነው። ከወረባቦ ከረጢት ዘር ተሸክማ የምትመጣ እናት ከኪሷ ከፍላ በኋላ በባንክ ይመለስልሻል ብትባል አትመጣም። ታሪፉን አስቀድማችሁ በየመነሻው ጻፉት፣ እንደደረሰች በእጇ ይሰጣት፣ ትፈርም። መኝታ ደግሞ የኮምቦልቻ ጓሮ አትክልተኞች በየቤታቸው ቢያሳድሩ ሁለት ነገር ነው፤ ጓሮውንም ያዩታል።

የቀበሌ ሰው

ትክክል፤ ትራንስፖርትን አበል አላልኩም።

ጎታ

ወደ ዘሩ ጠረጴዛ ልምጣ። ዘር በባለቤቱ አይደረደርም፣ በሰብሉ ነው። ማሽላ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ፣ ጤፍ በሌላ፣ ጥራጥሬ በሌላ፣ አትክልትና ቅመም በሌላ። የሦስት ቀበሌ ጅጉርቲ ማሽላ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው ባለቤቶቹ መከራከር የሚጀምሩት፤ ዝግጅቱም የሚያስፈልገው እሱን ነው።

እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ይህ ይጻፍ፦ የአካባቢው ስም፣ ቀበሌው፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይስ ቆላ (ከተቻለ ከፍታው በሜትር)፣ የታጨደበት ዓመት፣ የሚዘራበት ወር፣ ለመድረስ የሚፈጀው ወራት፣ አፈሩ ዋልካ ነው ወይስ ሌላ፣ ለምን ይሆናል፦ ለእንጀራ፣ ለጠላ፣ ለቆሎ። ከፍታው ቀልድ አይደለም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ደሴ ከ2,400 በላይ፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ሌላ አገር ነው። ከቆላ የመጣ ማሽላ ደጋ ላይ አይደርስም። መጻፍ የማይችሉ ስለሚኖሩ በየጠረጴዛው አንድ ጸሐፊ ተማሪ ይቁም።

መጠኑን በመሬት አስቡት። ማሽላ በሄክታር 10 ኪሎ ከተዘራ 100 ግራም ለ100 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ያ ጥሩ መነሻ ነው። ጤፍ 50 ግራም በመስመር ከሆነ ለ100 ካሬ፣ በብተና ከሆነ ለ25 ካሬ ያህል። ባቄላ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ለ50 ካሬ አንድ ኪሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባቄላ የሚያመጣ ሰው ብዙ ማምጣት እንዳለበት ቀድሞ ይነገረው፣ ካልሆነ በአምስት ሰው ያልቃል።

ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት ናሙና ይሰብሰብና የብቅለት ሙከራ ይደረግ። 100 ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሮ መጠቅለል፣ ላስቲክ ውስጥ ማስገባት፣ እንዳይደርቅ ማየት። ጤፍ በ5 ቀን፣ ማሽላና ቦሎቄ በ7፣ ካሮትና ድንብላል እስከ 14 ቀን። ከ80 በላይ ከበቀለ ይሰጥ። ከ60 በታች ከሆነ "ብቅለቱ ዝቅተኛ ነው፣ አብዝታችሁ ዝሩ" ተብሎ ይጻፍበት፤ ብርቅዬ ዝርያ ከሆነ አይጣል።

ድርቀቱን ለማወቅ ደረቅ ጨው በንጹሕ ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከዘሩ ጋር አድርጎ በደንብ መናጥና 10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ጥላ ላይ ተሰጥቶ እንደገና ይሞከር። እንዲህ ያለ ዘር በላስቲክ ታሽጎ ከታደለ በሁለት ሳምንት ይሻግታል። የማደያው ከረጢት ወረቀት ይሁን፣ የተጠቀለለ ጋዜጣም ይበቃል። ነቀዝ ያለበት ከረጢት ከበር አይለፍ፤ ውጭ ላይ ይበጠር። አንዲት የነቀዘች ቦሎቄ ለጠረጴዛው ሁሉ ትበቃለች።

ቆስጣ በጓሮ

የደሴ ዙሪያ ሰዎች ድንች እናመጣለን ብለዋል። ከደቡብ የመጡ ቤተሰቦችም የእንሰት ችግኝ አላቸው። ይሁን?

ጎታ

አይሆንም፣ ሁለቱም አይሆኑም። ድንች አጠውላጊ ባክቴሪያ ጤነኛ በሚመስል ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ አንዴ አፈር ከገባ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ይገድላል። እንሰትም የራሱ አጠውላጊ በሽታ አለው፤ በችግኝና በቢላዋ ነው የሚዛመተው። ድንቹ ለእይታ ታጥቦ፣ በዓይነት ተቀምጦ "ለመትከል አይሰጥም" ይባልበት። የስኳር ድንች ሐረግም እንደዚሁ፤ ቫይረሱ አብሮ ይሄዳል።

ቆላ ድረስ

የምርምር ዝርያ ይከልከል የሚል ሰው ሰማሁ። ለምን? ኦርጋኒክ ማለት የአያት ዘር ብቻ ማለት አይደለም። ከሲሪንካ ምርምር ማዕከል የወጣችው "ግራና 1" ማሽላ፣ ከመልካሳ የወጣው "መልካም" ማሽላ ዘራቸውን ቢያስቀምጡት ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ማሽላ በአብዛኛው ራሱን ነው የሚያዳቅለው። ዝናብ ቶሎ በሚቆምበት ቆላ ረጅሙ ጅጉርቲ ሳያፈራ ሲቀር እነሱ ይደርሳሉ። መከልከል ያለበት እንደ ቢኤች 660 ያለ ድቅል በቆሎ ነው፤ ከድቅል የተወሰደ ዘር በሚመጣው ዓመት የተዘበራረቀ ቁመትና ምርቱ የወረደ ማሳ ነው የሚሰጠው።

ዛላ

በዚህ ልክ ነህ። ግን በተለየ ቀለም ይለጠፍበት፣ ሰው የቱ የቱ እንደሆነ ይወቅ። በኬሚካል የታሸ ቀይ ወይም ሰማያዊ ዘር ደግሞ በምንም ዓይነት አይግባ። ልጆች ግቢው ውስጥ ይኖራሉ።

በቆሎን ካነሳህ፦ ነፋስ የሚያዳቅለው ስለሆነ ከሌላ በቆሎ 200 ሜትር ያልራቀ ማሳ ዘር አይደለም። አምጪው ከስንት ተክል እንደወሰደም ይጠየቅ፤ ከ100 በታች ከሆነ ዝርያው በሁለት በሦስት ዓመት ይቀጭጫል።

ሰላጣ

ገበሬ ብቻ አደረጋችሁት፤ ለከተማው ሰውም ተናገሩ እንጂ። የጓሮ ሰው ዘር እየገዛ የሚኖረው የቱን ማስቀመጥ እንደሚችል ስላልተነገረው ነው። ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ብርድ ካላገኙ አያብቡም፤ ኮምቦልቻ ላይ አትድከሙ፣ ለደሴና ከዚያ በላይ ላለ ሰው ተዉት (የክሩን ባለቤት ስም እያየሁ ነው ይህን የምጽፈው)። በኮምቦልቻ ጓሮ የሚሳካው ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሀበሻ ጎመን፣ ድንብላል፣ ዱባ ነው።

ቲማቲም የበሰለውን ጨምቆ ከነጭማቂው ከ2 እስከ 3 ቀን በብርጭቆ ማቆየት፣ ከላይ ነጭ ሲጋርድ ማጠብ፣ የሰመጠውን ማስቀረት፣ በሰሃን ላይ ማድረቅ። ወረቀት ላይ ከደረቀ ተጣብቆ ይቀራል። ከአራት ቀን በላይ ከቆየ ውስጡ ይበቅላል። ሀበሻ ጎመን ከጎመንዘር ጋር ዝርያው አንድ ስለሆነ ጎረቤት ማሳ ላይ ጎመንዘር ካበበ ይዳቀላል፤ ቅጠሉ ይጠነክራል። ዱባን ንብ ስለሚያዳቅለው ዘር የሚሆነውን ሴቴ አበባና ወንዴ አበባ ከምሽቱ በክር አስሮ በማግስቱ ጠዋት በእጅ ማዳቀል፣ እንደገና ማሰር። ይህ በአምስት ደቂቃ የሚታይ ሥራ ነው፣ ጥር ላይ የሚያብብ ዱባ ካገኛችሁ ማሳያ አድርጉት።

መራራ

የተባይ መከላከያው ማሳያ ላይ ሰው ከሁሉ በላይ ይሰበሰባል፤ ከሁሉ በላይ የሚበላሸውም እዚያ ነው፤ አሥር ነገር ቀላቅሎ መጠኑን የማይናገር ሰው አይጠፋም። አንድ ነገር በትክክል አሳዩ፦ ኒም። ከቆላ የመጣ የደረቀ ፍሬ ቅርፊቱ ተወግዶ አስኳሉ ብቻ 500 ግራም ይወቀጥ፣ በጨርቅ ታስሮ በ10 ሊትር ውኃ ውስጥ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ተጨምቆ ይጣራ፣ ጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ይግባበት። የሚረጨው ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይ ኃይሉን ቶሎ ያጠፋዋል። ለነገ ማሳደር የለም። የሻገተ ፍሬ አትጠቀሙ። ተባዩን ወዲያው አይገድልም፣ መብላቱንና ማደጉን ነው የሚያቆመው። ይህ ካልተነገረ ገበሬው በማግስቱ ትሉን በሕይወት አይቶ "አይሠራም" ይላል።

የትምባሆ ውኃ እንዲታይ አልፈልግም። ኒኮቲን በቆዳ ይገባል፣ ለረጪው መርዝ ነው፤ ትምባሆው ለቲማቲምና ለቃሪያ የሚተርፍ ቫይረስም ሊኖርበት ይችላል። የኦርጋኒክ ደንቦችም አይቀበሉትም። እንዶድም ለሳሙናነቱ ይሁን። እነ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡለት ተክል ነው፤ ዓሣንም ይገድላል፣ ስለዚህ ዕቃው ወንዝ ዳር አይታጠብ።

ለመጤው ተምች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ለገባው፣ በቆሎው ገና ጉልበት ሳይደርስ እንቁላሉን በጣት መጭመቅና ሙሽራው (መሐል ላይ ያለው ገና ያልተዘረጋ ቅጠል) ውስጥ አመድ ወይም አሸዋ መጨመር ለአነስተኛ ማሳ ይሠራል። ትሉ ገብቶ ሙሽራውን በቆሻሻው ከደፈነ በኋላ ግን ምኑም አይደርስበትም።

ዛላ

መሬት ካላችሁ ዴስሞዲየም የተባለውንም የመኖ ተክል አሳዩ። በበቆሎና በማሽላ መስመር መሐል ይዘራል፣ ዙሪያውን ብራኪያሪያ ሣር። ሽታው የአገዳ ቆርቁር ቢራቢሮን ያርቃል፣ ሣሩ ወደ ራሱ ይስባታል፤ የዴስሞዲየም ሥር ደግሞ አቀንጭራን አብቅሎ ሳይጣበቅ ያስቀረዋል። ኬንያ ውስጥ ኢሲፔ በተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተሠራ ዘዴ ነው። ድርቅ ለሚበዛበት ቆላ ግሪንሊፍ የሚባለው ይሻላል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ አይወጣም፤ መጀመሪያ ዓመት ላይ ከአረም ካልተጠበቀ ይዋጣል። ጥር ላይ የሚታይ ተክል ስለማይኖራችሁ አሁን በጥቂት ካሬ ሜትር ተክላችሁ ውኃ አጠጡ።

ሕግ አዋቂ ባይሆንም

ስለ "ኦርጋኒክ" ስያሜ። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ፤ ቃሉ ሰው እንደፈለገ የሚለጥፈው አይደለም። ባነሩ ላይ "የኦርጋኒክ ምርት ሽያጭ" ከምትሉ "ያለ ኬሚካል የተመረተ" ብላችሁ አምራቹን በስም ብታስቀምጡ ይሻላል። ለአካባቢ ገበያ የሚቀለው የአሳታፊ ዋስትና ነው፦ ከ8 እስከ 12 ገበሬ አንድ ቡድን ሆኖ፣ ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አንዱ የሌላውን ማሳ ይጎበኛል፣ ከገዢዎችም አንድ ሁለት ሰው ይገኛል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የሚፈርሰው ዘመድ ዘመዱን ሲጎበኝ ነው። ጎብኚ በዕጣ ይመደብ።

ወደ አውሮፓ ለሚልክ ማኅበር ነገሩ ሌላ ነው። በአዲሱ ደንብ ቁጥር 2018/848 አንድ ቡድን ከ2,000 አባል አይበልጥም፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትም ሊኖረው ይገባል። ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ ለቋሚ ተክል 3 ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ አለ። ለእናንተ ተሳታፊዎች ይህ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ሜሪላንድ ጓሮ

ከሩቅ እየተከታተልን ነው። እዚህ ብዙ አበሻ ጓሮ ይሠራል፤ ከልውውጡ ትንሽ የወሎ ማሽላና ጎመን በሰው እጅ ብታስልኩልን?

ሕግ አዋቂ ባይሆንም

ወንድሜ፣ በሻንጣ አይሆንም። የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በፈቃድ ነው፤ አሜሪካም ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ዘር አታስገባም።

ዛላ

ቢደርስህም አያፈራልህም። የእኛ ማሽላ ቀኑ ሲያጥር ነው የሚያሸት። ሜሪላንድ በሰኔና በሐምሌ ቀኑ ረጅም ስለሆነ ቁመት ብቻ ይጨምራል፣ ሊያሸት ሲል ውርጭ ይደርስበታል። ሀበሻ ጎመኑን ግን እዚያው "ካሪናታ" በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ፈልግ፣ የሚሸጡ አሉ።

ቆስጣ በጓሮ

ትሉ ቀረ። እንዲሁም የተረፈው ዘር ምን ይሁን?

ክምር

ትሉ ቀይ ትል መሆን አለበት፣ ከማሳ የተቆፈረ የአፈር ትል በእበት ውስጥ አይቀመጥም። 1 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ሣጥን፣ ከዛፍ ጥላ ሥር። ቆርቆሮ ጣሪያ በቅርብ ከሆነ ይቀቅላቸዋል። ትኩስ እበት አታስገቡ፤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሙቀቱ ይውጣለት። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ጨውና ዘይት ያለበት ወጥ አይግባ። የሣጥኑ እግሮች ውኃ ባለው ጣሳ ይቁሙ፣ ጉንዳን እንዳይሻገር ነው። ዶሮ የሚያስቀር ወንፊት ሽቦ ከላይ ይሁን። ለወሳጅ ሩብ ኪሎ ትል ከነአልጋው፣ በተበሳ ካርቶን፤ በፌስታል ተቋጥሮ መኪና ውስጥ ከዋለ ማታ ላይ ሞቶ ይገኛል።

ጎታ

የተረፈው ዘር ለሰው ቤት አይሰጥ፣ መዝገብ ይከፈትለት። የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች፣ እነ እጀሬ፣ የሚሠሩበት መንገድ አለ፦ የወሰደ ሰው ከአዝመራው በኋላ ጨምሮ ይመልሳል። በዕለቱ ለታደለውም ይሠራል። መዝገቡ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የወሳጅ ስም፣ ቀበሌ፣ የዝርያው ስም፣ የሰጪው ስም፣ መጠን በግራም፣ ከአዝመራ በኋላ የሚመልሰው። ገበሬው በጣት አሻራ ወይም በፊርማ ያረጋግጥ። ሰባተኛ ዓምድ ባዶ ትታችሁ "በቀለ ወይስ አልበቀለም" በሉበት፣ ሐምሌ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እየዞረ ይሙላው። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ቀበሌ ላይ ይቀመጥ።

የቀበሌ ሰው

እሱን እኔ እሞላለሁ። ዓምዱ ላይ የተዘራበትን ቀንም ጨምሩበት፤ ያለዚያ አለመብቀሉ ከዘሩ ይሁን ከዝናቡ አይታወቅም።